የባላምባራስ ሀብተጊዮርጊስ ፍርድ

ጠበቃ ባዩ ቡታጅራ ውስጥ የሚንቀው ሰው ብዙ ነበር። ዳኛውን በእንቅልፋምነቱ፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹን በቃላት ማንዛዛታቸው፣ ባለጉዳዮቹን ደግሞ ጠበቃ የሚመርጡት ድምፁን ሰምተው ስለሆነ ይንቃቸዋል። ከሁሉ አስበልጦ የሚንቀው ግን ባላምባራስ ሀብተጊዮርጊስን ነው። በፊቱ «እርስዎ» ይለዋል፤ በልቡ አንድም ቀን ከ«አንተ» ከፍ አድርጎት አያውቅም።

ባላምባራስ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ያለው አንድ ካባ፣ አንድ የሚያስገመግም ድምፅና አንድ ፍርድ ነው። ፍርዱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ ጭሰኛ የባለመሬቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖረው ለተከለው ቡናና ጫት ካሳ አይገባውም ይላል። ያንን ክርክር የረታው ራሱ ባላምባራስ ስለሆነ እንደ አባቱ ርስት ተቀምጦ ይበላበታል። ጭሰኛ ማስለቀቅ ያማረው ባለመሬት ሁሉ ወደ እሱ ይሮጣል። እሱም ችሎት ፊት ካባውን አስተካክሎ ፍርዱን እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። ዳኛው አንገቱን ይነቀንቃል። ጭሰኛው ባዶ እጁን አጨብጭቦ ይወጣል።

ሳሌሃም እንዲሁ ልትወጣ ተቃርባ ነበር። ባሏ ሸረፋ ዕድሜውን የጨረሰው መስቃን ውስጥ በሰው መሬት ላይ ቡናና ጫት ሲተክል ነው። ባለመሬቱ በየዓመቱ እየመጣ ከቡናው ጥላ ሥር አረፍ ይል፣ «ሸረፋ እጁ የተባረከ ነው» እያለም ያመሰግን ነበር። ሸረፋ ሞቶ አፈሩ ሳይደርቅ ግን ሚስቱን «ልቀቂ» አላት። እሷም ባዩን ጠበቃ አድርጋ ካሳ ጠየቀች።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ባላምባራስ ለባለመሬቱ ቆሞ የተለመደውን ፍርድ አስገመገመው። ባዩ እስኪጨርስ ጠብቆ ተነሣ።

«ይህ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ምን ገጠመው? አቤቱታ አልቀረበበትም?»

ባላምባራስ ወደ ታዳሚው ዞሮ ፈገግ አለ። «ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በላይ አቤት የሚባለው ወዴት ነው? ወደ ሰማይ?»

ችሎቱ ሙሉ ሳቀ። ዳኛውም ሳቀ፤ ባዩን ያንገበገበው ይኸኛው ሳቅ ነበር። ሌላው ቢቀር ዳኛ የሆነ ሰው፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት በላይ ንጉሡ የሚያስችሉበት ዙፋን ችሎት መኖሩን እንዴት ይረሳል? ባዩ ቀጠሮ አስለውጦ ወጣ።

ደጅ ላይ ሳሌሃ ነጠላዋን እያጣፋች ጠየቀችው። «ልጄ፣ አለቀልን?»

«እኔ የማየው ነገር አለ፣ እትዬ ሳሌሃ። ይህ ሰውዬ ፍርዱ የተወለደበትን ቀን እንጂ ከዚያ ወዲህ ያለውን አያወራም። የሞተም እንደሆነ አናውቅም።»

«ፍርድም ይሞታል እንዴ?»

«ይሻራል።»

«ወላሂ ሰው ጉድ ነው» አለች፤ የተናገረችው ስለ ፍርዱ ይሁን ስለ ባላምባራስ ባዩ አልገባውም።

በማግስቱ በአለምገና በኩል አዲስ አበባ ገባ። መዝገብ ቤቶቹ ውስጥ አቧራ እየበላ፣ የደከማቸውን ጸሐፊዎች እየለመነ፣ «ነገ ና» ሲሉት ነገ እየተመለሰ ፍለጋውን ቀጠለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን መዝገብ አገኘው። ተሸናፊው ጭሰኛ ጉዳዩን ወደ ዙፋን ችሎት ወስዶት ኖሯል። ዙፋን ችሎትም ፍርዱን ሽሮት ነበር፤ ባለመሬቱ ሲተከል እያየ ዝም ካለ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል፣ ካሳም ይከፍላል ብሎ። ለባለመሬቱ ቆሞ የተረታው ማን ነው? ያው ባላምባራስ ሀብተጊዮርጊስ።

ባዩ በደስታ ሳቀ። እስከዚያ ቀን ሰውዬውን የሚንቀው ስለ አላዋቂነቱ ነበር፤ አሁን ስለ ዐዋቂነቱም ይንቀው ጀመር። ማኅተም ያለበት ግልባጭ አስወጥቶ ተመለሰ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ግልባጩን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ እንደ ማረቆ በርበሬ ቀላ።

«ባላምባራስ፣ ፍርዱ መሻሩን ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ቆሜ የተረታሁ እኔ!»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስለምን ደበቁ?»

«ማን ጠየቀኝና ደበቅሁ?» አለ ባላምባራስ ካባውን እየሰበሰበ። «ችሎቱ አልጠየቀኝ፣ ከአቶ ባዩ በፊት ተከራካሪ አልጠየቀኝ፤ እሱም ሲጠይቅ ወዴት አልኩ እንጂ የለም አላልኩም። የራሴን ሽንፈት ገበያ ወጥቼ ልለፍፍ?»

ዳኛው ክፉኛ ገሠጸው፤ ለሳሌሃም የሸረፋ ልፋት ካሳ ተፈረደላት። ከችሎት ስትወጣ የባዩን እጅ ይዛ መረቀችው። ባዩ ምርቃቱን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማው፤ ዓይኑ የባላምባራስ ፊት ሲጠቁር ለማየት ይባክን ነበር። ባላምባራስ ግን ለወዳጆቹ እጅ እየነሣ በበቅሎው ሄደ።

ወሬው ቡታጅራን አዳረሰ። ቀድሞ በዚያው ፍርድ የተረቱ ጭሰኞች ወደ ባዩ ጎረፉ። የይግባኛቸው ጊዜ ማለፉን ሲነግራቸው ግን «ታዲያ ማወቅህ ምን ረባን?» እያሉ ተመለሱ። ባላምባራስን ዞር ብሎ የሚያየው ይጠፋል ብሎ ሲጠብቅ፣ የሰውዬው በረንዳ ከወትሮው ይልቅ ሞላ።

አንድ የገበያ ቀን ባዩ በዚያ ሲያልፍ ከማሉ የሚባል ጫት ነጋዴ ተራ ከሚጠብቁት መሀል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። «በሞተ ፍርድ ይህን ሁሉ ዓመት የረታ ሰው፣ በሕይወት ያለ ፍርድ ቢያገኝ ምን ሊያደርግ ነው! ጠበቃ ማለት እንዲህ ነው!»

ባዩ ምራቁን ዋጠ። የጭሰኞቹ እርሻ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ እዚያ በረንዳ ላይ የለም። ሊያልፍ ሲል ግን ከአግዳሚው ጫፍ የተቀመጠችውን ሴት ተመለከተ፤ ሳሌሃ ናት።

«እትዬ ሳሌሃ! እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ሳሌሃ አላፈረችም። አጠገቧ ወደተቀመጠው ሰው በአገጯ አመለከተች። «ወንድሜ ሀቢቡ የጎረቤቱን ወሰን ገፍቶ ተከሷል።»

«ሳይገፋ ነው የተከሰሰው?»

«ገፍቷል እንጂ። እኔም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ወደ እኔ አይመጡም?»

«አንተ ምን ታደርግለታለህ፣ ልጄ?» አለች፣ ለሕፃን እንደምታስረዳ ዝግ ብላ። «የእኔ ነገር እውነት ነበር፤ አንተ ዘንድ መጣሁ። የእሱ እውነት የለውም። በርበሬ ወደ በርበሬ ተራ፣ ቅቤ ወደ ቅቤ ተራ ነው የሚወሰደው።»

በሩ ተከፈተና ባላምባራስ ብቅ አለ። ሳሌሃን ሲያያት ትናንት የተፋረዳት አይመስልም፤ ጎንበስ ብሎ «ይግቡ፣ ይግቡ» አላት። ከዚያ በአናቷ በላይ ባዩን ተመልክቶ ፈገግ አለ።

«አቶ ባዩ፣ አንተም ግባ እንጂ። ወንበር አይጠፋም።»

ባዩ አቧራው ላይ እንትፍ ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

«ቀንቶ ነው» አለ ከማሉ። ተራ ጠባቂዎቹም ሁሉ ልክ ነህ አሉት።