የሊቀመንበሩ አፍንጫ

በንሱዋኖ ሰላጤ አፍ ላይ ውኃ የሸፈናቸው ሁለት ስውር ድንጋዮች አሉ። ኮቢና ኤሲልፊ ጀልባውን በመካከላቸው የሚያሳልፈው እንደ አባቱ ነው፦ ገደሉ ላይ ያለው ትልቁ ዛፍ ከኋላው ካለው የቤተ ክርስቲያን መስቀል ጋር ሲገጥም ይገባል፤ ካልገጠመ አይሞክረውም።

የሰላጤው የባሕር ቅርስ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ኳንሳ ዛፉ የጎብኚን እይታ ስለሚከልል ይቆረጥ አሉ። ኮቢና የደረበውን ጨርቅ ለአክብሮት ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ቤታቸው ሄደ።

«ኤግያ፣ አባታችን፣ ዛፉ ከሌለ በየት እንገባለን?»

«አርባ ዓመት የገባህበት በር ዛሬ ጠፋህ? ድንጋዮቹን አታውቃቸውም?»

«አይቻቸው አላውቅም። ያዩዋቸውም ተመልሰው አልነገሩን።»

«ቅርስ መሥዋዕትነት ይጠይቃል፣ ኮቢና።»

«ከማን?»

ዛፉ ሐሙስ ተቆረጠ። በአዲሱ የኮሚቴው አዳራሽ ደጅ ደግሞ የሊቀመንበሩ ምስል ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ቆመ። አፍንጫቸው ትንሽ እንዲያንስ አዝዘው ነበር፤ ሠዓሊው ግን ሐቀኛ ሰው ነው።

አዳራሹ በሚመረቅበት ቀን አቶ ኳንሳ እንደ ጥንት አባቶች ከባሕር በጀልባ መጥተው ሊወርዱ ወሰኑ። ለዚህም የኮቢናን ጀልባ መረጡ። ማለዳ ባሕሩ ሞልቶ ስለነበር በሰላም ወጡ። ቀትር ላይ ሲመለሱ ውኃው ጎድሏል፤ ኮቢና ሰላጤው አፍ ሳይደርስ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆንክ?»

«ዛፉን እየፈለግሁ ነው፣ ኤግያ።»

«አትቀልድ፤ እንግዶቹ እየጠበቁኝ ነው።»

«እኛም ባሕሩን እንጠብቃለን። እስከ አስር ሰዓት ይሞላል።»

ማዕበሉ ጀልባዋን ያነሣል፣ ይጥላል። አቶ ኳንሳ ለበዓሉ የለበሱትን አዲስ የኬንቴ ጨርቅ ሰብስበው ወደ ባሕሩ አስታወኩ። ከዳር የከበሮው ድምፅ ይሰማል። ቆይቶ ጭብጨባ መጣ፤ ንግግራቸውን ጸሐፊያቸው አንብቦላቸው ኖሯል። ከዚያ የተጠበሰ አሣ ሽታ መጣ፤ አቶ ኳንሳም እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ሌላ ምልክት አድርግ እንግዲህ» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ።

«ጉቶው ላይ ትልቅ ነገር ቢቆምልን። ለምሳሌ ያ ሰሌዳ።»

«የእኔ ምስል ያለበት?»

«እሱው ነው። ከባሕር የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ እርስዎን ያያል።»

አቶ ኳንሳ ማስመለሱን ለአፍታ ተዉት። ሐሳቡ ደስ አሰኝቷቸዋል።

ዛሬ በንሱዋኖ ጀልባ መቅዘፍ የሚማር ሁሉ «አፍንጫውን ከመስቀሉ ሥር አድርግና ግባ» ይባላል። የሰሌዳውን ጽሑፍ ፀሐይ ካጠፋችው ቆይቷል፤ ስማቸውም አይነበብም። አፍንጫውን ግን ኮቢና ዝናብ ባለፈ ቁጥር በጥቁር ቅጥራን ያድሰዋል፤ ባደሰው ቁጥርም ትንሽ ይጨምርበታል።