የአጥሩ ሰውዬ

«እስቲ አንድ ማንኪያ ብቻ፤ ስለ እኔ ስትይ» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ኃላፊ፣ ሩዙን እስከ አፏ ድረስ አስጠግተው።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን መለስ አደረገች። «በልቻለሁ፣ እትዬ። አሁን ነው የበላሁት።»

«ምኑን ነው የበላሽው? እንቁላል ቀቅላ በር ዘግታ ትበላለች አሉኝ። እናት የሞተችበት ሰው መደበቅ ምን ያደርግለታል?»

ሩዙ ውስጥ ምን እንደገባ ብትጠይቅ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን የእናቷ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጥቶላት፣ «ይሄ ምን አለበት?» ማለት አሳፈራት። ኦቾሎኒ ለሷ መርዝ ነው። ትንሽ ብናኙ እንኳ ከንፈሯን ያሳብጣል፤ ከበላችውማ ጉሮሮዋ ይዘጋል። እስከ ዛሬ ይህን የሚናገርላት ሰው ነበራት። ያ ሰው ነው አሁን የሚለቀስለት።

ኃላፊዋ ሳህናቸውን ይዘው ጥግ ወደተቀመጡት ሴቶች ተመለሱ፤ ወዲያው ድምፃቸው ዝቅ አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ካለ የሁሉም ጆሮ ይቆማል፤ የሐዘንተኛዋም ጭምር።

«ዛሬም መጥቷል።»

«ማን?»

«የአጥሩ ሰውዬ ነዋ! ያው እዚያው ተገትሯል። አይገባ፣ አይሄድ።»

«ለመሆኑ ምኗ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው፤ ነፍሷን ይማረውና። ብቻ በደህናው ጊዜም የሚገናኙት እዚያው አጥር ሥር ነበር።»

የልብስ ሰፊዋ ፊት ጋለ። ከሐሜቱ ይልቅ ያሳፈራት እሷም ማመኗ ነው። ኮረዳ ከሆነች ጀምሮ አምናዋለች።

እናቷ ቢሮ ነው የማጸዳው ትላት ነበር። ማታ ስትመለስ ግን ፀጉሯ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ ልጅቷ በመስኮት ስታይ፣ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰውዬ አጥር ሥር ቆሟል። እናቷ ወጣች። ጠጋ አላለችውም፤ ራቅ ብላ አወራችው፤ ከዚያ ሳቀች። ያን የመሰለ ሳቅ በቤታቸው ተሰምቶ አያውቅም። ሰውዬው ሲሄድ እናትየዋ በፊት በር አልገባችም። በጓሮ ዞራ፣ ቀሚሷን ቀይራ፣ እጇን እስከ ክርኗ ፈትጋ ታጥባ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ገባች። «ቆየሁብሽ እንዴ የኔ ልጅ?»

ልጅቷ ሌላ ምን ታስብ? ከሰው ጋር ቆማ መጥታ ልብስ የምትቀይር፣ ገላዋን የምትታጠብ እናት! የመጣላትን አሰበች። በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእናቷ ጎን ተነስታ ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እናቷ አየቻት፤ ለምን ብላ አልጠየቀቻትም።

እዚያው ቤተ ክርስቲያን ሌላም እፍረት ነበረባት። ምእመናኑ ከጸሎት በኋላ አዳራሽ ገብተው አብረው ምሳ ይበላሉ። ልጅቷ ገና ትንሽ ሳለች ኃላፊዋ ወጡን ወፈር ያድርግልኝ ብለው ኦቾሎኒ ፈጭተው ጨመሩበት። ልጅቷ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ሲያጥር እናቷ ተሸክማት ወደ ክሊኒክ ሮጠች። በኋላ ኃላፊዋ ሲጠየቁ፣ «ፍሬውን እኮ አላስገባሁም! ልሞ የተፈጨ ነው፤ ጥርስ ላይ እንኳ አይገኝም» አሉ። ከልባቸው ነው። የሚጎዳው ፍሬው ነው፣ ከደቀቀ ምን ያደርጋል ብለው ነው።

ከዚያ ወዲያ እናትየዋ እሑድ እሑድ የድስቱን ክዳን ሁሉ እየከፈተች ታሸት ጀመር። «ይሄ ይበላል! ያኛው አይነካ! ጭልፋ እንዳትቀላቅሉ!» አዳራሹ ሙሉ ዞሮ ያያቸዋል። አፍንጫዋ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ልጅቷ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

አሁን ከወንበሯ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው አክስቷ።

«ትንሽ አየር ልቀበል።»

የአጥሩን ሰውዬ ልታባርረው ነው። እናቷ በሕይወት እያለች ያልደፈረችውን ዛሬ ልትናገረው ቆርጣለች። ቢያንስ የቀሩት የለቅሶ ቀናት ያለሐሜት ይለፉ። ግቢውን አቋርጣ ወደ አጥሩ ሄደች። ሰውዬው አርጅቷል፤ ካፖርቱ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?»

ሰውዬው ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። «እንዳትጠጊኝ! ቀጥታ ከምድጃ ነው የመጣሁት። ልብሴ ሁሉ ገለፈት ነው።»

«የምን ገለፈት?»

«የኦቾሎኒ ነዋ።» ፊቷን ሲያይ ድምፁ ወረደ። «አልነገረችሽም እንዴ? እስከ መጨረሻው?»

«ምኑን?»

«አብረን ስንቆላ ነው የኖርነው። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ። እኔ እሳቱን እይዛለሁ፣ እሷ ታማስላለች። የሚወጣበትን ሰዓት በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው። እኔ ስንቱን አሳርሬያለሁ፤ እሷ አንድም ቀን።»

ልብስ ሰፊዋ የአጥሩን እንጨት ያዘች። «ቢሮ ነው የማጸዳው ነበር የምትለኝ።»

«አንቺ የታመምሽ ጊዜ ሥራውን ጥላብኝ ሄዳ ነበር። የሰው ልብስ አጠበች፣ ሰው ቤት ተቀጠረች፣ አልሆነላትም። ስትመለስ መጀመሪያ ያለችኝ፣ እዚህ ጓሮ ውሃ ካላስገባህ አልሠራም ነው። እዚያው ታጥባ፣ ልብሷን እዚያው ጥላ ነው የምትወጣው። ጭነት በጠዋት የሚገባ ለት ልነግራት እዚህ ስመጣ ደግሞ ትሰድበኛለች፤ ‹ብናኝህን ልታራግፍብኝ መጣህ?› እያለች።»

«ለምን ደበቀችኝ?»

«አፍራ ነዋ። ‹ልጄን የሚገድላትን ነገር እየቆላሁ ነው የማሳድጋት ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራት?› ትለኝ ነበር።»

«አንድ ቀን ስትስቅ አይቻታለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከእርስዎ ጋር።»

«ኧረ ስንቴ ስቃለች! የቤተ ክርስቲያኑን ኩሽና ስታስመስልልኝ። ክዳን ከፍታ ስታሸት ሴትየዋ እንዴት እንደሚደነግጡ። ‹ልጄ በኔ ታፍራለች፤ ግን ትፈር እንጂ ትኑርልኝ› ትላለች።»

አለቀሰች። ከቀብሩ ጀምሮ አልቅሳለች፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። በራሷ አፍራ ነው ያለቀሰችው። እናቷን በልቧ ስንት ዓመት ሙሉ ስትከስሳት ኖረች፤ እናቷ ደግሞ ሌላውን አግዳሚ እያየች ዝም አለቻት። ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው የለም።

«እርስዎስ ለምን አይገቡም?»

«እንዴት ብዬ ልግባ? ታጥቤ ልምጣ እላለሁ፣ ብቻዬን ሆንኩና ሥራው አልለቅ አለኝ። እሷ ብትኖር ደግሞ ከዚህ አጥር አታሳልፈኝም።» ዓይኑን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። «ቆሜም ቢሆን ላልቅስላት ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤት ገብታ አንድ ወንበር ይዛ ወጣች። ነፋሱ ከሷ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል፣ ከአጥሩ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችውና ተቀመጠች። ሰው አንድ በአንድ ወደ በረንዳው ወጣ። ኃላፊዋ ቀድመው ደረሱ።

«ምነው ልጄ፣ ውጭ? እንግዳ እየገባ እኮ ነው።»

«እዚሁ ያጽናኑኝ፣ እትዬ።» በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አደረገች። «እኚህ የእናቴ የሥራ ባልደረባ ናቸው። እናቴ ኦቾሎኒ ቆልታ ነው ያሳደገችኝ። እኔን ደግሞ ኦቾሎኒ ይገድለኛል። ለዚህ ነው የማይገቡት።»

ኃላፊዋ ሊያጽናኗት እጃቸውን ወደሷ ዘረጉ።

ልብስ ሰፊዋ እጇን አልሰጠቻቸውም። በአገጯ ወደ አጥሩ ማዶ አመለከተች። «መጀመሪያ እሳቸውን።»

ኃላፊዋ እያመነቱ ሄደው እጃቸውን በአጥሩ ላይ አሳለፉ። ሰውዬው እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ጥፍሩ ሥር ቀይ ገለፈት ተሰግስጓል። «እግዜር ያጥናዎት» አሉት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ከኋላቸው አክስቲቱ መጣች፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የቀሩት፤ ሁሉም የሰውዬውን እጅ ጨበጡ።

የሰውዬውን እጅ የነካ እጅ ታጥቦ ካልመጣ እሷን ሊነካት አይችልም። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ለእያንዳንዳቸው በሩቁ ራሷን ዝቅ አደረገች።