የሌለው መጽሐፍ ካርድ

ከቤተ መጻሕፍቱ በር እንደገቡ በስተቀኝ፣ ከጃንጥላ ማስቀመጫው ጎን፣ አንዲት የእንጨት ሣጥን ተሰቅላለች። ላይዋ ላይ «ስለ ዓለም ታሪክ የከነከነዎትን ይጠይቁ፤ ስም አይጻፉ» ይላል። ሰው ደግሞ ስም አትጻፍ ሲሉት ጥያቄ አይቸግረውም። ናፖሊዮን እውነት አጭር ነበር? ሮማውያን ሳሙና ሳይኖራቸው ልብሳቸውን በምን ያጥቡ ነበር? የማንቂያ ሰዓት ሳይኖር የፋብሪካ ሠራተኛውን ማን ይቀሰቅሰው ነበር? መልሱ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ናፖሊዮን ለዘመኑ ደህና ቁመት ነበረው። የሮማ አጣቢዎች ልብስ ያነጹበት የነበረው፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ሽንት ነው። ሠራተኛውን ደግሞ ረጅም ዘንግ ይዘው መስኮት የሚያንኳኩ ቅጥረኞች ይቀሰቅሱት ነበር። ከእያንዳንዱ መልስ ሥር የመጽሐፉ ስምና ገጹ ይጻፋል።

መልስ ሰጪው አቶ ምንጭ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ይህንን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ዛሬ ሊዘንብ ነው ቢሉት «ምንጭዎ ማነው?» የሚል ሰው ነው። ሚስቱ መውለዷን ሲያበሥሩትም እንደዚያው ብሏል እያሉ ያሙታል፤ ሐሜት ነው፣ ግን ከእሱ አይርቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳይመልስ ያሳለፈው አንድም ጥያቄ የለም። ቤት የለው፣ መኪና የለው፣ ያለው ይህ ኩራት ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ጊዜ ዋሽቷል።

ነገሩ ሰባት ዓመት ሆኖታል። «ወረፋ መያዝን በዓለም ላይ የጀመረው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ከሣጥኗ ወጣ። አቶ ምንጭ ሳምንቱን ሙሉ መደርደሪያ ሲያምስ ሰነበተ፤ ጠብ የሚል ነገር አጣ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ «አልተገኘም» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን ቢያነሣ እጁ እምቢ አለው። እና ፈጠረ። በአንዲት ጥንታዊ የወደብ ከተማ፣ ዱቄት በጠፋበት ዓመት፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከመንገዱ አንሥቶ እስከ ሱቁ ደጃፍ ድረስ የእግር ምልክት በኖራ ሣለ፤ ሰዉም በምልክቱ ላይ አንድ በአንድ ቆመ። ከሥሩም ያለ ኀፍረት «የጥንት ገበያዎች ልማድ፣ ቅጽ ሁለት፣ ገጽ ፪፻፲፬» ብሎ ጻፈበት።

ከመልሶቹ ሁሉ የተወደደው ያ ሆነ። ማዶ ያለው ዳቦ ቤት በመስታወት አስገብቶ ሰቀለው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይተርከዋል። አቶ ምንጭ ግን ሰው ወረፋ ይዞ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል።

ዘንድሮ፣ በአንድ ሰኞ፣ ከሣጥኗ አራት ማዕዘን መስመር ባለው ወረቀት ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ጥያቄ ወጣ። «የሌለ ሰነድ ፈጥሮ ዓለምን ያሳመነ ሰው በታሪክ አለ?» ይላል።

አቶ ምንጭ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ መልሶ አወጣው፤ በመስኮት ብርሃን አየው። ሰው ስንት የሚጠይቀው ሞልቶ ሳለ ይህንን ምን አስመረጠው? ሐሙስ ግን አይቀርም። ስለዚህ እውነተኛ ምሳሌ አቀረበ፦ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን ግዛት ለጳጳሱ ሰጥቷል የሚለውን ወረቀት፤ ሐሰት ሆኖ ሳለ ለብዙ መቶ ዓመታት የታመነ ነው። ለጥፎ ሲያበቃ በጋዜጣ መደርደሪያው ጀርባ ቆሞ ማን ትኩር ብሎ እንደሚያነብ ጠበቀ። አንድ ጡረተኛ ብዙ ቆየበት። አቶ ምንጭ ሊከሰው ሲዘጋጅ ሽማግሌው መነጽሩን እንደረሳ ተናገረና አንብብልኝ አለው።

በሳምንቱ ያው ወረቀት፣ ያው ቀለም መጣ። «ሐሰት መሆኑ በምን ታወቀ?» የሚል ነበር። አንድ ሊቅ ቋንቋውን መርምሮ ቃሎቹ የዚያ ዘመን እንዳልሆኑ አሳየ ብሎ መለሰ፤ ሲጽፍ ግን የገዛ ቃሎቹ ታወሱት። ዳቦ ጋጋሪውን ሲፈጥር የማይሆን ቃል አስገብቶ ይሆን? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። አንባቢ ሁሉ ቅጽ ሲሞላ አንገቱን አስግጎ የእጅ ጽሕፈቱን ይሰልላል። ሚስቱ የገበያ ዝርዝር ጽፋ ብትሰጠው እንኳ ፊደሎቿን ሲመረምር ተገኘ።

በመጨረሻ ጥርጣሬው አንድ ሰው ላይ ዐረፈ፤ ካርድ ጸሐፊዋ ላይ። ከስምንት ዓመት ወዲህ የተጻፉት፣ የመጽሐፉ ስምና መደርደሪያ የሚሰፍርባቸው ካርዶች ሁሉ የእሷ እጅ ናቸው። ታናሽ እህቷን የምታሳድግ ዝምተኛ ሴት ናት፤ የዝምተኛ ነገር ደግሞ ምኑ ይታመናል? አንድ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን በካርድ መሳቢያዋ ልታውቅ የምትችል እሷ ብቻ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ አራት ማዕዘን መስመር ያለው ደብተር አለ። ባለፈው ወር የታሪክን መሳቢያ ላስተካክል ብላ ቁልፍ ጠይቃዋለች። ፊደሏ ከጥያቄዎቹ ጋር አይመሳሰልም፤ እሱ ግን ይህንንም በጥፋቷ ላይ ደመረው። ተንኮለኛ ባትሆን ለምን እጇን ትለውጣለች? ሰላም ስትለው አንገቱን ብቻ ይነቀንቅላት ጀመር፤ ሻይ ስታቀርብለት አይጠጣም።

ሦስተኛው ወረቀት መጣ። «ሰነዱን የፈጠረው ሰውስ ምን ተደረገ?»

እዚህ ላይ አቶ ምንጭ ልቡ ከዳው። ይህች ልጅ ልታጋልጠኝ ነው አለ። በኋላም ዘዴ መጣለት፣ ወይም ዘዴ መሰለው። መጽሐፉ ካርድ ከሌለው የለም ይባላል፤ ካርድ ካለው ግን አለ ማለት ነው። ታዲያ ካርዱ በእሱ እጅ ቢጻፍ ያስነቃል። ስለዚህ የእሷን ወደ ግራ ያዘነበሉ ፊደሎች አስመስሎ፣ በእሷ ቀለም፣ «የጥንት ገበያዎች ልማድ፣ ቅጽ ሁለት» የሚል ካርድ ጽፎ፣ በምሳ ሰዓት መሳቢያው ውስጥ በቦታው አስገባ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከተጠራጠራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሻይዋን ጠጣላት።

የረሳው ነገር ቆጠራውን ነው። ያ ሁሉ ዓመት ስለ መልስ እንጂ ስለ መደርደሪያ አስቦ አያውቅም። በየዓመቱ ካርድና መጽሐፍ አንድ በአንድ ይመሳከራሉ። ካርድ ኖሮት መደርደሪያ ላይ የሌለ፣ የውሰት ወረቀትም የሌለው መጽሐፍ ጠፋ ይባላል፤ የታሪክ መደርደሪያ ተጠያቂዋ ደግሞ ካርድ ጸሐፊዋ ናት። ዘንድሮ ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ አንድ ብቻ ጎደለ። ኃላፊው በጽሑፍ መልስ እንድትሰጥ አዘዛት። ከዚህ በፊት በሌላ ክፍል መጽሐፍ ያጠፋ ሠራተኛ ተሰናብቷል፤ ያንን የማያውቅ አልነበረም።

እሷም መፈለግ ጀመረች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ከመደርደሪያ ጀርባ፣ ከምድር ቤቱ ሣጥኖች ሥር፣ ጥገና ከሚጠብቁት ሽፋን አልባ መጻሕፍት መሀል፣ ተንበርክካ ስትፈልግ ሁለት ሳምንት ሰነበተች። ልብሷ አቧራ፣ ጥፍሯ አቧራ ሆነ። አቶ ምንጭ በደረጃው አናት ሆኖ ያያታል። መጀመሪያ ላይ፣ አይደበቅም፣ ደስ አለው፤ ጠላቴ ሥራ በዛባት ብሎ። አራተኛ ጥያቄም አልመጣም፤ ይህንን ለጥርጣሬው ማስረጃ አድርጎ ያዘው።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴት የደብተር ቁልል ታቅፋ ወደ ጠረጴዛው መጣች። የአቅራቢያው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት መሆኗን ተናገረችና ሦስቱን ጥያቄዎች የጣለችው እሷ እንደሆነች አፍራ ነገረችው። ለክፍሏ ስለ ሐሰተኛ ሰነዶች እያስተማረች ኖሯል። ተማሪዎቹ መልሱን በየሳምንቱ በጉጉት ይጠብቁ ነበር፤ አሁን ፈተና ደርሶ ነው ያቋረጡት። ደብተሮቹ አራት ማዕዘን መስመር ያላቸው ናቸው። ልትሄድ ስትል ደግሞ የዳቦ ጋጋሪው ታሪክ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንዳለ አከለችለት።

አቶ ምንጭ ከሄደችም በኋላ ቆሞ ቀረ። ኃጥእ ማንም ሳያሳድደው ይሸሻል ሲባል ይሰማ ነበር፤ እግረ መንገዱን ሰው ረግጦ እንደሚሸሽ ግን ማንም አልነገረውም። አፈረ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ካርድ ጸሐፊዋን ሣጥን ላይ ተቀምጣ አገኛት። ጭኗ ላይ ወረቀት አስደግፋ ስትጽፍ ነበር። «በቸልተኝነቴ ጠፍቷል» የሚለው ከሩቅ ይነበባል። ስታየው ልትነሣ ስትል ከለከላት።

«ተይው፤ መጽሐፉ የለም» አላት። «ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጋሼ፣ ለእኔ ብለው በስተርጅና አይዋሹ። ሽፋኑ ሁሉ ትዝ ብሎኛል፤ ቀይ ነው። ለአንድ ሰውዬ አውጥቼ ስሰጠው ትናንት አስታወስኩት፤ ወረቀቱን ያላስፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ቀይ ሽፋን የለም። ምንም ሽፋን የለም።»

«እኔ እኮ የሚጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። በሆዴ ስንት ነገር አስቤብዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለችና አቧራ ያለበትን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የእሱን እጅ ያዘች።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ስትወጣ ተከትሏት ወጣ። እዚያም ያንኑ ደገመው፤ ጥያቄውን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ካርዱን። ኃላፊው በጥሞና አዳመጠው። ዕድሜውን ከገጽ ቁጥርና ከምንጭ ጋር የፈጀ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማን ያምናል? ከመሳቢያ ካርዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ጋሼ፣ ደግነትዎ ያስመሰግንዎታል» አለው። «ግን ይኸው፣ ካርዱ የእሷ እጅ ነው። አይደለም እንዴ?»

እሷም ጎንበስ ብላ አየችውና የእኔ ነው አለች።

አቶ ምንጭ ባዶ ካርድ እንዲሰጠው ለመነ። ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ብዕር አነሣና ቆሞ፣ ሳይቸኩል፣ ጻፈ። የመጽሐፉን ስም፣ ቅጹን፣ የመደርደሪያውን ቁጥር ጻፈ። ፊደሎቹ ወደ ግራ አዘነበሉ። የ«ል» ቅጥያዋ ልክ እሷ እንደምታደርገው ወደ ታች ወረደች። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

ኃላፊው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያየ ቀረ። ካርድ ጸሐፊዋ ሁለቱን ካርዶች አንሥታ ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተንበረከከችበት ጉልበቷ አሁንም አቧራ እንደለበሰ ነው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቅድም የነበረው ርኅራኄ የለም፤ ቁጣም የለም። እንደማታውቀው ሰው ነው ያየችው።

«ስንት ቀን ተለማመዱ?» አለችው።

አቶ ምንጭ መሬት መሬት አየ።

«አራት ቀን» አላት።