የሄርዲስ የእዝን ዳቦ

ኬቲል ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲያዞር ወሬ አጥሮት አያውቅም። በጀልባ ባሕር ተሻግረው ደሴቲቱን ስላቀኑት፣ ኖርድ ከሚባለው የሰሜን ሕዝብ ስለሆኑት ቅድመ አያቶቹ ሲጠይቁት፣ ትናንት አብሯቸው እራት የበላ ይመስል ይተርካል። ስለ እሳተ ገሞራው ሲጠይቁት ደግሞ ምድር የምትቆጣበትን ምክንያት ለእሱ ብቻ ያማከረችው ይመስል ያብራራል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ጉዞው ወደ መጨረሻው ቀን በተጠጋ ቁጥር ያ ሁሉ ወሬ ይደርቅበት ጀመር። ያደረቀውም አንድ በር ነው።

በሩ የኦድኒ ነው። ሃምራር ከሚባለው የኦድኒ እርሻ ጀርባ፣ ከተራራው ፈስሶ የረጋ ጥቁር የድንጋይ ሜዳ አለ። ከሜዳው ማዶ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የሠሩት ረጅም ቤት ፍርስራሽ ይገኛል። አመድ ቀብሮት ሲኖር ቆይቶ ነፋስ የገለጠው ነው። እንግዶቹ ያን ሁሉ ቀን በመኪና ሲንገጫገጩ የሚከርሙት በመጨረሻ እዚያ ቤት ደርሰው ለመቆም ነበር። መንገዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በኦድኒ በር ያልፋል። ከሁለት ዓመት በፊት ግንቦት ላይ አንድ እንግዳ ሊወልዱ በደረሱ በጎቿ አናት ላይ ድሮን አበረረ። በጎቹ በርግገው ድንጋዩ ላይ ተበተኑ፣ ከመካከላቸውም ሁለቱ ጨነገፈባቸው። ኦድኒ የድርቆሽ መንሿን ይዛ ወጥታ ጥፋተኛና ንጹሕ ሳትለይ ሁሉንም አባረረቻቸው። ኬቲልንም ጭምር። ከዚያ በሩን በሰንሰለት አሠረችው።

ከዚያ ወዲህ ኬቲል እንግዶቹን ኮረብታ ላይ ያሰልፍና አቅርቦ ማያ መነጽር ያድላቸዋል። "ያውና፣ ከጥቁሩ ቋጥኝ በስተግራ፣ ያ ጉብታ የሚመስለው" ይላል። እንግዶቹም እርስ በርስ ይተያያሉ። አስጎብኚ ድርጅቱ ዘንድሮ ቁርጡን ነገረው፤ በሩ ካልተከፈተ ይህ ጉዞ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ይቀራል። የኬቲል ሚስት ከሞተች ቆይቷል፣ ልጆቹም ከተማ ገብተዋል። የዚያን አገር ጨለማ ክረምት የሚሻገረው የበጋውን ጉዞ እያሰበ ነው። ይህን ጉዞ ከወሰዱበት ምን እንደሚያስብ እሱም አያውቅም።

"ሄደህ ይቅርታ ብትጠይቃትስ?" አለው በዚህኛው ጉዞ በአምስተኛው ቀን ዳንካን፣ ጡረታ የወጣው ግዙፉ ስኮትላንዳዊ የአውቶቡስ ሾፌር።

"ሄጄ ነበር።"

"እና?"

"መስኮት ዘጋችብኝ። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር እኮ፤ መልሳ ልትዘጋብኝ ብላ ነው የከፈተችው።"

ዳንካን ከት ብሎ ሳቀ። ኬቲልም አብሮት ሳቀ። ግን የሆዱን በሆዱ ይዞ ነው።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ለእንግዶቹ የምድር ዳቦ ማብላት የኬቲል ወግ ነው። ከተራራው ሥር ቀን ከሌት የሚጨስ ትኩስ አሸዋ አለ። የአካባቢው ሰው ጥቁር የአጃ ሊጡን በድስት አድርጎ አመሻሽ ላይ እዚያ ይቀብረዋል፣ በላዩም ድንጋይ ያስቀምጣል፣ በማግስቱ በስሎ ያወጣዋል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጉድጓድ አለው። የዚያ መንደር ሰው የቤቱን በር አይቆልፍም፣ የሌላውን ሰው ድንጋይም አያነሳም።

ሆኖም ምድሪቱ የሰው ድንበር አታውቅም። በጸደይ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበርና ሙቀቱ ቦታ ቀየረ። ከአያቱ ጀምሮ የኬቲል ቤተሰብ ሲጋግርበት የኖረው ጉድጓድ ቀዘቀዘ። ስለዚህ በዋዜማው አሸዋውን በመዳፉ እየዳበሰ የሞቀ ቦታ ፈልጎ ድስቱን ቀበረ፣ በላዩም ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖረ። ሌላም ሰው ጉድጓዱ ቀዝቅዞበት አሸዋ ሲዳብስ እንደዋለ አላሰበም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው።

ጠዋት እንፋሎቱ መቼም ዓይን ያሳውራል። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አገኘ፣ ቆፈረ፣ ድስቱን አወጣ። ዳቦው ግሩም ነበር! ጠቆር፣ ጣፈጥ፣ እርጥብ ያለ፤ ቅቤው ሲነካው ይቀልጣል። በጭስ ካደረቀው ዓሣ ጋር አቀረበላቸው። ዳንካን እንዳይታዘቡት ዞር እያለ አራት ቁራሽ በላ። ጡረተኛዋ የሆላንድ ነርስ ቪልማ፣ "እናቴ ይህን ሳትቀምስ መሞቷ ነው የሚያንገበግበኝ" አለች። ኬቲልም የራሱን እጅ እያመሰገነ ድስቱን ሊያጥብ ወደ ወንዝ ወረደ።

ክዳኑን ሲፈትግ ጥላሸቱ ለቀቀና በሚስማር የተጫረ ምልክት ወጣ፤ ጫፉ የተሰነጠቀ የበግ ጆሮ። እያንዳንዱ እርሻ በጎቹን የሚለይበት የጆሮ ምልክት አለው። ይኼኛው የሃምራር ነው።

ኬቲል ወደ አሸዋው ሮጦ ተመለሰና አጠገቡን በእጁ ሲቆፍር የራሱን ድስት አገኘ። ሊጡ ከላይ ለብ ከማለቱ በቀር እንደ ጭቃ ነው።

"ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የሷን!" አለ ጮክ ብሎ። "ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የኦድኒን!"

ነገሩን ለእንግዶቹ ነገራቸው። ሰባቱም አብረውት ሊሄዱ ተሳፈሩ፤ ቅር ያለው አልነበረም። ሃምራር ሲቃረቡ ኬቲል የመኪናውን ፍጥነት በድንገት ቀነሰ። ከቤቱ ፊት ያለው ባንዲራ ምሰሶው መካከል ድረስ ብቻ ተሰቅሏል።

"ምንድን ነው?" አለችው ቪልማ።

"ለቅሶ ነው" አለ ኬቲል። እስከ ትናንት ማምሻ አራት ቀን ሙሉ ሬዲዮ በማይደርስበት ደጋ ስለነበሩ ምንም አልሰማም። በዚያ ቤት የሚኖሩት ደግሞ ኦድኒና ታላቅ እኅቷ ሄርዲስ ብቻ ናቸው። እሱና ሁለቱ እኅትማማቾች በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነው ያደጉት።

ባዶውን ድስት አቅፎ በሩን አንኳኳ። ኦድኒ ጥቁር ለብሳ ከፈተችለት። በዚያ አገር ሰው ሲገናኝ ከሁሉ በፊት የሚያመሰግነው ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ላሳለፉት ሰዓት ነው። ኬቲልም ሲጨነቅ ከልጅነቱ የለመደው ቃል አመለጠው።

"ኦድኒ፣ ስላለፈው ጊዜ አመሰግናለሁ።"

"ስላለፈው?" አለች ኦድኒ። "በመንሽ ስላባረርኩህ?"

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ኬቲል እስከ ጆሮው ቀላ። "እሱን ማለቴ አይደለም … ሄርዲስ … አልሰማሁም ነበር። ሄርዲስ አረፈች ማለት ነው?"

"ለቀባሪው ታረዳለህ እንዴ? ዛሬ ከሰዓት እቀብራታለሁ።" ዓይኗ ድስቱ ላይ ወደቀ። "ድስቴ አንተ ዘንድ ምን ይሠራል?"

ኬቲል ሁሉንም ነገራት። ስለ ቀዘቀዘው ጉድጓድ፣ ስለ ጠፍጣፋው ድንጋይ፣ ስለ እንፋሎቱ ነገራት፤ ግን ማመካኘት እንዳይመስልበት እየፈራ አሳጠረው።

"የእዝኗ ዳቦ ነበር" አለች በመጨረሻ። "በራሷ ልክ፣ በራሷ አሠራር ነው ያቦካሁት።"

"ምን ብዬ እንደምክስሽ አላውቅም ኦድኒ።"

"ማን ነው የበላው?"

"እነዚያ ናቸው" አለ ወደ መኪናው እየጠቆመ። ሰባቱ እንግዶች ቆባቸውን አውልቀው ነፋሱ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ጥፋት ሠርተው ርእሰ መምህር ቢሮ በር ላይ የተገተሩ ተማሪዎች ይመስላሉ።

"ወደዱት?"

"ፍርፋሪ አላስተረፉም።"

"ማሩ አነሰ አላሉም?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"ሄርዲስ ብትሆን ትል ነበር" አለች ኦድኒ። "ስድሳ ዓመት ሙሉ 'ማር ስትጨምሪ እጅሽ ይሰስታል' ስትለኝ ኖራለች።" ሳቋ መጣ፤ ሳቋም መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። ኬቲል ድስቱን እንዳቀፈ አብሯት አለቀሰ። ሁለት ዓመት የተኮራረፉት ሰዎች ደጃፍ ላይ ቆመው ሲላቀሱ እንግዶቹ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

ኦድኒ በመሐረቧ ፊቷን ጠራርጋ ቀና አለች። "ያ ግዙፉ ሰውዬ ጤነኛ ነው?"

"ዳንካን? እንደ በሬ ነው።"

"በል ስማኝ። ሄርዲስ ከአባታችን ጎን ካልቀበራችሁኝ ብላለች። የቤተሰቡ መቃብር ደግሞ ከድንጋዩ ሜዳ ማዶ ነው፣ መኪና አይደርስም። ተሸካሚ ያልኳቸው ጎረቤቶቼ አንዱን ጉልበቱ፣ ሌላውን ወገቡ፣ ሌላውን ልቡ ያመዋል። ከጠዋት ጀምሮ ማን ይሸከማታል እያልኩ ስንቆራጠጥ ነው ያረፈድኩት።" ወደ እንግዶቹ ዞረች። "የእዝኑን በልቶ ከቀብር መቅረት ነውር ነው። ንገራቸው።"

ኬቲል ተረጎመላቸው። ዳንካን ቆቡን ኪሱ ከተተና "በየት በኩል ልያዝ?" አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሴት ቄስ ጸሎቱን ካደረሰች በኋላ ኦድኒ ሰንሰለቱን በገዛ እጇ ፈታችና በሩ ተከፈተ። ሬሳ ሣጥኑን በፊት ኬቲልና ዳንካን፣ ከኋላቸውም የቀሩት እንግዶች እየተቀያየሩ ያዙት። ቪልማ የሽማግሌዎቹን ክንድ ደገፈች። በመንገዱ ዳርና ዳር ድንጋዩን ያለበሰ ለስላሳ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አለ፤ አንዴ ከተረገጠ የሰው ዕድሜ አልቆ የእሱ ቁስል አይድንም። ኬቲል ዞር ብሎ "እግራችሁን" ሊል ሲል ሁሉም የሚረግጡትን እያዩ በቀጭኑ ዱካ ላይ ብቻ ሲራመዱ አየና መንገዱን ቀጠለ።

ከሜዳው ማዶ ሲደርሱ ፍርስራሹ መጣ። በግራና በቀኝ ሣር የለበሰው የግንቡ ጉብታ፣ የምድጃው ድንጋይ፣ በሩ የነበረበት ክፍተት። ዱካው በጎኑ ነው የሚያልፈው፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። ሁለት ዓመት በመነጽር ሲያየው የኖረ ነገር ነው። ኬቲል አልዞረም። ሄርዲስ ትከሻው ላይ ናት። የልጅነት ጓደኛውን የመጨረሻውን መንገድ ለመሸኘት መብቃቱን እያሰበ፣ በስሕተቱም ሳይቀር አምላኩን እያመሰገነ እግሩን ብቻ እያየ አለፈ። የኋላዎቹን ማየት አልቻለም።

ከሣጥኑ ኋላ የምትከተለው ኦድኒ ግን አየቻቸው።

አፈሩ ተመለሰ፣ መዝሙሩ ተዘመረ። ሽማግሌዎቹ ቡናው ወደሚጠብቃቸው ቤት ማዝገም ሲጀምሩ ኦድኒ ኬቲልን በክንዱ ያዘችው።

"እነዚህ ሰዎች ከየአገራቸው የመጡት ያንን ቤት ለማየት አይደለም?"

"አዎ።"

"በአጠገቡ ሲያልፉ አንዳቸውም አንገታቸውን አላዞሩም። ጠብቄ ነበር፣ እንደው አንዱ ስልኩን ሲያወጣ ባየው ብዬ። ያን ሰውዬ ጠይቅልኝ፣ ለምን አላየም?"

ኬቲል ጠየቀው። ዳንካን ጥያቄው ግራ የገባው ይመስል ትንሽ አሰበና፣ "ሰው ይዤ ነበር እኮ" አለ።

ኬቲል ተረጎመላት። ኦድኒ ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ፍርስራሹ ሄደችና በእጇ ጠራቻቸው።

ኬቲል መካከላቸው ገብቶ ጉሮሮውን ጠረገ። "የዛሬ ሺህ ዓመት …" ብሎ ሠላሳ ዓመት የተናገረውን ሊጀምር ሞከረ። ሊወጣለት አልቻለም።

"ቆይ፣ እኔ ልንገራቸው፤ አንተ ተርጉም" አለች ኦድኒ። "እዚህ ጋ እሳታቸውን ያነዱ ነበር። እዚህ ጋ ይተኙ ነበር፣ እግራቸው ወደ እሳቱ ነው። እዚህ ጥግ እናቴ በጎች ዝናብ ሲመታቸው ታስጠልል ነበር። ይህ ድንጋይ ላይ ሄርዲስ ስትዘል ጥርሷን ሰበረች፤ እኔ ገፍትሬያት ነው፣ ይህን አትተርጉም።"

ኬቲል ተረጎመው። እንግዶቹ በጥንቃቄ ሳቁ፣ ኦድኒም በቁጣ አየችውና ከእነሱ ጋር ሳቀች። ኬቲል በሕይወቱ ስለዚያ ቤት ሌላ ሰው ሲናገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። መስማት እንዲህ ደስ ይላል እንዴ አለ በልቡ።

ቪልማ ጠጋ ብላ በቀስታ አንድ ነገር ጠየቀችው።

"ምን አለችህ?" አለች ኦድኒ።

"ይህ የመጨረሻ ጉዞህ ነው ወይ አለችኝ።"

"ምን ብለህ መለስክላት?"

"ገና አልመለስኩላትም።"

ኦድኒ አዲሱን አፈር አሻግራ አየች። "ሄርዲስ እንግዳ ስትወድ እንዴት እንደነበር ታውቃለህ። እኔ በሩን ስዘጋ አንድ ወር አኩርፋኛለች። አሁን እዚህ ብቻዋን ተኝታ ክረምቱን እንዴት ትዘልቀዋለች እያልኩ ነው።" አፍንጫዋን ጠረገች። "በየበጋው ሰው አምጣላት። ግንቦትን ብቻ ለበጎቼ ተውልኝ። በል እንግዲህ፣ ለሴትዮዋ ተርጉምላት።"

ኬቲል ወደ ቪልማ ዞረ። አፉን ከፈተ። ሦስት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው አንድም ቃል ከአንዱም አጣ፤ እጆቿን በሁለት እጆቹ ይዞ ዝም ብሎ ይነቀንቃቸው ጀመር።