«ሰላም ወርዷል» የተባለበት ሳምንት

ረቢአ አዋጁን የሰማችው ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ፣ ማሽላ ልትሸምት ተራ ስትጠብቅ ነው። ለፋፊው ከሾላው ሥር ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ጮኸ፦

«ስማ! ስማ! ቆላ ላይ ሰላም ወርዷል! ከቀዬው የሸሸ ሁሉ እስከ ጁምዓ ይመለስ! ከዚያ ወዲያ ስደተኛ ያስጠለለ ከስደተኛው ጋር ይታሰራል!»

ገበያው በእልልታ ተናጋ። ረቢአ ግን ዓይኗን ወደ ገበያው ዳር ጣለች። ቆላው ሰላም በሆነበት ዘመን አፋሮቹ ጨውና ቅቤ ጭነው ግመሎቻቸውን የሚያንበረክኩበት ሜዳ ባዶውን ተዘርግቷል።

መንደሯ ከጨፋ በስተ ምሥራቅ፣ ቆላው የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። ከአፋሮቹ ጋር የውሃና የግጦሽ ጠብ ነው የተነሳው፤ እንደ ወትሮው በሽማግሌ ሳይበርድ ከሁለቱም ወገን ጠመንጃ በዛና ጦርነት ሆነ። ቤቱ ሲቃጠል ባሏ አብዱሰላም ከብት ለማዳን ሮጦ በዚያው ቀረ። እሷ ልጇን ኡሚን አዝላ፣ ከተረፈው መንደርተኛ ጋር ሽቅብ ሸሸች። ያስጠለላቸው ጀይሉ የሚባል የጨፋ ገበሬ ነው። አብዱሰላምን በገበያ ከማወቅ በቀር ዝምድና የለውም፤ ግን አውድማውን ለቀቀላቸው፣ ከጎተራው አካፈላቸው።

ከገበያ እንደተመለሰች ጀይሉን ከበረቱ ደጃፍ አገኘችው።

«አያ ጀይሉ፣ እርቅ ከሆነ ማን ከማን ጋር ታረቀ? ከኛ ሽማግሌ የተጠራ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

ጀይሉ ግራና ቀኙን አየ። «ምስለኔው ጦሩ አብቅቷል ብሎ ደሴ ላሉት አለቆቹ ቃል ልኳል። እናንተ እዚህ እስካላችሁ ቃሉ ሐሰት ነው። ወላሂ ረቢአ፣ እኔ አልጠላኋችሁም። ግን ትናንት ሁለት ባለጠመንጃ መጥተው አውድማዬን ሲያዩ ዋሉ።»

የባሏ ወንድም ሙሄ ግን ልቡ ቆርጧል። ስደተኛው ሁሉ የሚሰማው እሱን ነው። «ዝናቡ ደርሷል። እኛ ያላረስነውን ሌላ ያርሰዋል» አለ። «በሰው አውድማ ላይ እናርጅ?»

«ግመሎቹ ለምን አልመጡም ሙሄ?»

«ሴትዮ፣ ግመል እያየን ልንኖር ነው?»

ሐሙስ ጠዋት ተነሡ። ጀይሉ የቦርከና ወንዝ መሻገሪያ ድረስ ሸኛቸው፤ ማሽላ በስልቻ አስይዞ «ረቢ ይጠብቃችሁ» ሲል ፊቷን ማየት አልቻለም።

ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ጨዋታው እየቀነሰ ሄደ። መንገዱ ላይ ሣር በቅሏል። ያልታጨደ ማሽላ ቆሞ ደርቋል፤ ወፍ እንኳ የሚያባርር የለም። የእረኛ ፉጨት የለም፤ የውሻ ጩኸት የለም። ኡሚ ጀርባዋ ላይ ሆና «እማ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?» ስትላት እርምጃዋን አፈጠነች።

ቀትር ላይ ከግራሮቹ መሐል ግመል ብቅ አለ። ሙሄ ጠመንጃውን አቀባበለ። የመጡት ግን ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ የቤታቸውን ሰሌንና ዘንግ ጭነዋል። ረቢአ ከፊት ያለችውን ሴት ለየቻት።

«ሙሄ፣ ተው! አሻ ናት!»

አሻ የአፋር ሴት ናት፤ ለዓመታት ቅቤ ያመጣችላት የገበያ ወዳጇ። ረቢአ በወባ ወድቃ ጡቷ በነጠፈ ጊዜ ኡሚን ያጠባቻት እሷ ናት።

«ወዴት ነው?» አለች አሻ።

«ወደ ቀያችን። እርቅ ሆነ ተባልን።»

«እኛንም እንዲሁ አሉን። ከናንተ ጋር እርቅ ሆነ፣ ወደ ውሃው ተመለሱ አሉን። ማንም አልታረቀም ረቢአ። የናንተም የኛም ጎረምሳ ኮረብታው ላይ እንደተኛ ነው። ወደ ውሃው የቀደመ ይመታል። የኔን ሰውዬ ትናንት ቀበርኩት።»

ሙሄ አላመናትም። ወይም ማመን አልፈለገም። አራት ሰው አስከትሎ «አይተን እንመጣለን» ብሎ ወረደ። የቀሩት ከግራሩ ሥር ተቀመጡ፤ ያኛው ወገንና ይኸኛው ወገን፣ በመካከላቸው የግመል ስፋት ያህል ትተው። እሳት ያነደደ የለም።

ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ብዙ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ከተኩሱ ባሰ። ከወረዱት አንዱ ብቻ ትከሻውን በደም ነክሮ ተመለሰ። «ሙሄስ?» አለችው ረቢአ። ሰውየው ቁጭ ብሎ አፈሩን ማየት ጀመረ።

ረቢአ ተነሣች። «ተነሡ። ወደ ላይ።»

«ያስሩናል!» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ይሰሩን። እስር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይቆጠራል። እዚህ ያለውን ማን ይቆጥረዋል?» ወደ አሻ ዞረች። «አንቺም ነይ።»

«እኔን ያዩኝ እንደሆን...»

«የልጄ እናት ነሽ። እንዲያ ነው የምላቸው።»

ቦርከና ሲደርሱ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ባለጠመንጃዎች በወዲያኛው ዳር ተደርድረዋል። «ተመለሱ! ቆላው ሰላም ነው!» አለ አለቃቸው። ረቢአ የቆሰለውን ሰው ደግፋ ውሃው ውስጥ ገባች። ጠመንጃ ተነሣባት። ያኔ ከጠዋት ጀምሮ ከመሻገሪያው ያልራቀው ጀይሉ ከባለጠመንጃዎቹ ኋላ ወጥቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙ ውስጥ ገብቶ የቁስለኛውን ሌላ ክንድ ያዘ። አለቃው ሊተኩስ አልደፈረም። ጀይሉን ግን ወጥቶ ሳይጨርስ አሰረው።

ሁሉንም ወደ ከሚሴ ነዷቸው፤ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አጎሯቸው። የከተማው ሴቶች በአጥር ቀዳዳ ዳቦ አቀበሏቸው። ጀይሉ ክረምቱን ታስሮ ተለቀቀ፤ ሲወጣ አንድ እግሩ ያነክሳል። ሙሄን ፈልጎ እንዲቀብር የተፈቀደለት የለም። የረቢአ መሬት በሌላ ሰው ታረሰ።

ረቢአና አሻ በአውራ ጎዳናው ዳር አንዲት ጎጆ ቀለሱ። ኡሚ ሁለቱንም እማ ትላቸዋለች። ከሰው ጋር ይስቃሉ፤ ገበያ ይወጣሉ። ግን ከደሴ በኩል የሚመጣ መኪና ከደጃፋቸው ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ የሁለቱም እጅ ከያዘው ሥራ ላይ ቀጥ ይላል። ለፋፊ ወርዶ «ሰላም ወርዷል» እንዳይል፣ መኪናው አልፎ እስኪሄድ ጆሯቸውን ያቆማሉ።