ቀጀላ ምን በልቶ ነው?

ቀጀላ ከአምቦ ጊንጪ ሚኒባስ የሚሠራ ሹፌር ነው። ምሳውን ሁልጊዜ ጊንጪ፣ ታላቅ እህቱ እንቁ ቤት ነበር የሚበላው። አምቦ የምታስተምረው ሚስቱ መንበረ ይህን ነገር ወዳው አታውቅም። እንቁ ባሏን ልትነጥቃት የምትጎትተው ይመስላታል። አንድ ሐሙስ "ቀጀላ ምሳ ላይ ወደቀ፤ ወደ አምቦ እያመጣነው ነው" ተብሎ ሲደወልላት ከአፏ ቀድሞ የወጣው "ምን አብልታው ነው?" የሚል ነበር።

ሆስፒታል ስትደርስ ቀጀላ ተኝቷል፤ ቀኝ እጁ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። እንቁ ሰላም እንኳ አላለቻትም።

"ጠዋት ምን ብለሽ አናደድሽው?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? አንቺ ቤት አይደል የወደቀው!"

ሐኪሙ፣ ዶክተር ሌታ፣ የሲቲ ስካኑን ውጤት ይዞ መጣ። "ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል" አላቸው።

"መርዝ እንዲህ ያደርጋል?" አለች መንበረ።

"የምን መርዝ? ግፊት ነው። እንዲህ ሽቅብ የወጣ ግፊት ደም ሥር ያፈነዳል።"

"ይተርፋል ወይ ወንድሜ?" አለች እንቁ።

"የፈሰሰው ደም ብዙ አይደለም። ሲጠሩት ዓይኑን ይገልጣል፣ በግራ እጅህ ጭመቅ ሲሉት ይጨምቃል። ይሄ ጥሩ ነው። ግፊቱ ከወረደና ሳንባውን ኢንፌክሽን ካልያዘው ተስፋ አለው። ብቻ በአፉ ምንም እንዳትሰጡት፤ ትን ይለዋል።"

መንበረ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ እንቁ ጠርሙስ ይዛ ቀጀላ አፍ ላይ አጎንብሳለች። ዘላ ቀማቻት።

"ልትጨርሺው ነው!"

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ! የማር ውሃ ነው! ከንፈሩ ደርቆ አሳዝኖኝ ነው!"

"ይመርመርልኝ!" ብላ መንበረ ጮኸች። የክፍሉ አስታማሚ ሁሉ ዞረ።

ዶክተሩ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ጠርሙሱን ተቀብሎ አስቀመጠና ሁለቱንም አፈራርቆ አያቸው። "የማር ውሃም ቢሆን ሳንባው ከገባ ይገድለዋል። ለመሆኑ የግፊት ኪኒኑን ይወስድ ነበር?"

"ይወስዳል!" አሉ እኩል።

"የት?"

"እሷ ቤት ነዋ" አለች መንበረ። "ከምሳ በኋላ እንቁ ነች የምትሰጠኝ ይለኛል።"

እንቁ አፈጠጠች። "እኔ? ጠዋት ጠዋት መንበረ ሳታስውጠኝ አልወጣም ነው የሚለኝ!"

ከዚያ ሁለቱም ወደ አልጋው ዞሩ። ቀጀላ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ነበር፤ መልሶ ጨፈነው።

ተረፈ። ቀኝ እጁ እንደ ድሮው ባይታዘዝለትም፣ ቃሉ ቢጎተትም፣ በምርኩዝ ቤቱ ገባ። መሪ ግን ዳግም አልጨበጠም። እንቁ እሑድ እሑድ ከጊንጪ በአውቶቡስ እየመጣች ትጠይቀዋለች።

በአንዱ እሑድ መንበረ ኪኒኑን ሰጠችው። አፉ ውስጥ ጨመረ፣ ውሃ ጠጣበት፣ "ዋጥኩ" አለ በዚያች በምትጎተት ቃሉ።

"አፍህን ክፈት" አለች መንበረ።

ከፈተ።

እንቁ ከኋላዋ አንገቷን አሰገገች። "ምላስህንም አንሳ።"