የቁዩ ገብረ ኪዳን አርፏል

በሕይወት ያለ ሰው ገደልን። ሆን ብለን አይደለም፤ ግን ገደልነው፣ የቁይ ከተማም ድንኳን ተክላ አለቀሰችለት።

እኔና ምስጋናው የሠራነው የስልክ ጨዋታ «ቃሬዛ» ይባላል። ስለ ሰሜኑ ጦርነት ነው፤ ተኩስ ግን የለበትም። ተጫዋቹ ከሌሎች ተሸካሚዎች ጋር ቁስለኛ ይዞ ተራራ ይወርዳል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ትከሻ ይዝላል። ቃሬዛውን መሬት ካስቀመጠው ቁስለኛው ደም ይፈሰዋል፤ ካበዛው ይሞታል። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተራራውንና ሰዎቹን የሣለው ምስጋናው ነው። እሱ እዚያ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፈተና ላይ ነበርኩ።

ስም ስንመርጥ ተጣላን። እኔ የፈጠራ ስም እንስጣቸው አልኩ።

«የሣልኳቸው እኮ የተሸከምኳቸውን ሰዎች ነው» አለ። «ማን ልበላቸው? አበበ?»

«ቤተሰባቸው ቢሰማስ?»

አሰበና መፍትሔ ያገኘ መሰለው፤ የክርስትና ስማቸውን። ካምፕ ውስጥ ማንም በክርስትና ስሙ አይጠራም። ጎረቤትም አያውቀውም። የሚያውቁት እናትና የነፍስ አባት ናቸው፣ ቃሬዛ ላይ ከሆነ ደግሞ ተሸካሚው፤ ምክንያቱም ቁስለኛ ሞቱን ሲፈራ «ለቄስ ንገርልኝ» ብሎ የሚናገረው እሱን ነው። እኔም ተስማማሁ። የክርስትና ስም ከይለፍ ቃል የማይተናነስ ምስጢር መስሎኝ ነበር። ምስጋናው በየስሙ ላይ አገራቸውን ጨመረ፣ ቢያንስ ከየት እንደመጡ ይታወቅ ብሎ። ይሄንንም ዝም አልኩት።

ጥሩንባው የእኔ ሐሳብ ነው። ተጫዋች ሲሸነፍ «ጨዋታው አልቋል» የሚል ጽሑፍ እንዲመጣ አልፈለግሁም። ቁስለኛው ሲሞት የእድር ጥሩንባ ይነፋ፣ ከዚያ ለፋፊው ስሙን ይጥራ አልኩ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ የእድር ለፋፊ የሆኑትን አቶ ገዳሙን ለምኜ ቀዳኋቸው። አቶ ገዳሙ ሥራቸውን አያቃልሉም። ስልኬ ፊት ቆመው ሰፈር እንደሚያስነሱ አድርገው ለፈፉ።

ለሙከራ በቴሌግራም ለቀቅነው። ቁይ ገበያ ላይ ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ አንድ ሰው ስልኩን ከማጉያው ጋር እንዳገናኘ መጫወት ጀመረ፤ ተሸነፈም። ጥሩንባው ገበያው መሀል ተነፋ። «የቁዩ ገብረ ኪዳን አርፏል።»

ጥሩንባ የሰማ ሰው ከየት መጣ አይልም፤ ማን ሞተ ነው የሚለው። ገብረ ኪዳን ማነው? ሰዎች ወደ ቄሱ ሮጡ። ከቄሱ የነፍስ ልጆች ገብረ ኪዳን የሚባሉት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሽማግሌ እዚያው ፊታቸው በበግ ዋጋ ይከራከራሉ። ሌላው ወፍጮ ቤት ያለው ወጣት ነው፤ ሰው የሚያውቀው ደመላሽ ብሎ ነው። የዚያን ዕለት ለወፍጮው ቺንጋ ሊገዛ ማርቆስ ሄዷል። ተደወለለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሌላ ማስረጃ የፈለገ አልነበረም።

ሲመሽ ደመላሽ ቺንጋውን ትከሻው ላይ አንግቶ ከሚኒባስ ወረደ። ደጁ ላይ ድንኳን ቆሟል። እናቱ ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሀል ተቀምጠዋል። ለቅሶ ከመጡት አንዱ ደመላሽን ሲያይ ጸበል አምጡ እያለ እንደሮጠ ሰምቻለሁ፤ ይሄኛውን ግን ጨምረውበት ይሆናል።

ከዚያ ፌስቡክ ተነሣ። ጦርነት መጫወቻ ነው ወይ? የሰው ደም ለመዝናኛ? ሌሎች ደግሞ የሰው አገር የጦርነት ጨዋታ በስልካችን ሲያተኳኩሰን ምነው ዝም አላችሁ ብለው መለሱ። ብዙዎቹ ጨዋታውን አልከፈቱትም። እኔን ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ልናስመርቀው ነበር፤ ከባሕር ዳር የሚመጡ እንግዶች አሉ፣ ያ ቀን ካመለጠ ሥራችን ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። የማዕከሉ ኃላፊ አቶ መሳፍንት ደውለው በአጭሩ ነገሩኝ፤ የቁዩዋ እናት ይቅር ካላሉ አዳራሹን እርሱት።

«ስሙን አጠፋዋለሁ» አልኩት ለምስጋናው።

«አታጠፊውም። የእነሱ ሰውዬ ሌላ ገብረ ኪዳን ነው። የእኔው ሞቷል።»

«ምን ለውጥ አለው? አዳራሹን ልናጣ ነው።»

«ስሙንም ካጠፋሽው ምን ቀረለት?»

በዚህ ጉዳይ ከምስጋናው ጋር መከራከር አይቻልም። ከሣላቸው ቁስለኞች ሁሉ ምንም ቢሮጡለት የማይተርፈው ገብረ ኪዳን ብቻ ነው። እንዲህ አድርጊው ያለኝ እሱ ነው፣ ለምን ብዬ ስጠይቀው «አልተረፈማ» ብሎ ዘጋኝ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። የምንሠራበት ክፍል ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ነው። በሩ ካላነሡት አይገጥምም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው። ወይዘሮ የብርጓል፣ ነጠላቸው ዛሬም እንደተዘቀዘቀ፣ ሳያንኳኩ ገፍተውት ገቡ። አቶ መሳፍንት ጃንጥላቸውን እያራገፉ ተከተሏቸው።

«ልጄን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

ወንበር ሳብኩላቸው። «እማማ፣ ይቀመጡ።»

«ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት። አሁን ቆሜ ልናገር።»

አቶ መሳፍንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ። እሳቸው ይቅር ካሉ ቅዳሜ አዳራሹ የእናንተ ነው። ካላሉ ካራቴዎቹ ይይዙታል።»

«እማማ፣ በጣም አጥፍተናል» አልኩ። «ስሙን አሁኑኑ አወጣዋለሁ፣ ዓይንዎ እያየ።»

«አይወጣም» አለ ምስጋናው ከጥግ። ቀና አላለም። «እናቴ፣ ስላስለቀስንዎ ይቅር ይበሉኝ። ግን የእርስዎ ልጅ አይደለም። ይሄኛው ቃሬዛ ላይ የነበረ የቁይ ልጅ ነው። ራሴ ነኝ የተሸከምኩት። ሞቷል።»

«የዚያኛው እናቱ ማናት?»

«አላውቃትም።»

«እኔ አውቃታለሁ» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። «ደመላሽ፣ ግባ እንጂ። እስከ መቼ ሞተህ እዚያ ትቆማለህ?»

አንድ አጭር ሰው እያነከሰ ገባ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። ምስጋናውን ትክ ብሎ አየው፤ ምስጋናው ተነሥቶ ቆመ፤ የተቀመጠበት ወንበር ተገለበጠ።

«የመርጡለ ማርያሙ ልጅ» አለ ደመላሽ። «አንተ ነህ በቀኝ በኩል የነበርከው። በአንተ በኩል እያዘነበልኩ መከራዬን አየሁ።»

«ሌሎቹ ረጃጅሞች ነበሩ» አለ ምስጋናው።

ይተቃቀፋሉ ብዬ ስጠብቅ ምስጋናው እጁን ዘረጋ፤ ተጨባበጡ። ከጨበጠው በኋላ ግን የእጅጌውን ጫፍ ይዞ አልለቀው አለ። ደመላሽም እጅጌውን እዚያው ተወለት።

«እስቲ ያሟሟቴን አሳዩኝ» አለ ደመላሽ።

ስልኩን ሰጠሁት። ትከሻዎቹን እያቀያየረ ተራራውን ሲወርድ እናቱ በላዩ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ጎበዝ ነበር፤ አንድም ጊዜ አላስቀመጠም። ሆኖም ከወይራው ዛፍ አልፎ ጥቂት እንደሄደ ጥሩንባው ተነፋና አቶ ገዳሙ ለፈፉ። የቁዩ ገብረ ኪዳን አርፏል። ወይዘሮ የብርጓል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ምንም ብሮጥ እሞታለሁ ማለት ነው?»

«እሱ አይተርፍም» አልኩ። «ምስጋናው ነው ያለው።»

«ለምን?»

ምስጋናው ወንበሩን አንሥቶ አቆመው። «ወይራው ሥር አስቀመጥንህ። ተተኪዎች ይመጣሉ ተባለ፤ ትተንህ ወደ ላይ ወጣን። ኋላ ሞቷል አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«ሰው።»

«ሰው» አለ ደመላሽ። «አንተ፣ ማስቀመጣችሁ እኮ ነው ያዳነኝ። እያንገላታችሁኝ ደሜ እንደ ቧንቧ ይወርድ ነበር። ወይራው ሥር ስጋደም ቆመ። ተተኪዎቹ ሲመጡ እንቅልፍ ወስዶኛል። አርፌ ነበር።»

የተናገረውን መጀመሪያ የሰማው ራሱ ነው፤ ይስቅ ጀመር። «አርፌ ነበር እኮ» አለ እንደገና።

አቶ መሳፍንት ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ዲማ ቅኔ ጀምረው የተዉ ሰው ናቸው፤ ከመተዋቸው ይልቅ መጀመራቸውን ነው የሚያወሩት። «ይሄ ቅኔ ነው» አሉ። «ሰሙ ሞት፣ ወርቁ ዕረፍት።»

«እኔ ዘንድ የደረሰው ሰሙ ነው» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

እኔ ግን ላፕቶፑን ከፍቼ ነበር። ቅኔው ለእነሱ ይሁን፤ ለእኔ የታየኝ ሥራዬን የሚያቀልልኝ ነገር ነው። ለሌሎቹ ቁስለኞች ማስቀመጥ ይገድላል። ለገብረ ኪዳን ግን ይገልበጥ፤ ከወይራው ካለፉ ይሞታል፣ ወይራው ሥር ካስቀመጡት ይተርፋል። የአቶ ገዳሙን ድምፅ መልሼ መቅዳት አያስፈልገኝም። ሲተርፍ ጥሩንባውን ቆርጬ እጥለዋለሁ፣ በቃ። ጥሩንባ ከሌለ አርፏል ማለት አርፏል ነው።

ይሄንኑ ነገርኳቸው። ምስጋናው ጣቶቹን እያፍተለተለ ሰማኝ። ስለ ጦርነቱ ማንም ውሸት እንዲጨምርበት አይፈልግም፤ ይሄ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

«ካለፉበትስ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «ጥሩንባው ይነፋል?»

«ይነፋል፤ ግን...»

«አይነፋም። በልጄ ላይ አይነፋም። ዝም ብሎ ይጨልም።»

«እሺ፣ ይጨልማል።»

«ሌሎቹስ? እነሱም እናት አላቸው።»

«ከሌሎቹ መሀል በእውነት የሞቱም አሉ» አለ ምስጋናው። «ስማቸውን ማጥፋት አልችልም።»

«ስማቸውን ማን አጥፋ አለህ? ስም ይጠራ፣ የሰማ ነፍስ ይማር ይላል። አገራቸውን ነው የምታወጣው። ገብረ ኪዳን ብቻ ብትለኝ ኖሮ ነፍስ ይማር ብዬ በርበሬዬን እሸጥ ነበር። የቁዩ ስትል ነው ቤቴ የገባኸው።»

ምስጋናው አሰበበት። «እሺ» አለ። ከእኔ ጋር ቢሆን ሳምንት ይከራከር ነበር።

«የእኔን አገር ግን ተዉት» አለ ደመላሽ። «እንዲያውም ወፍጮ ቤቱን ጨምሩበት። የቁዩ ገብረ ኪዳን አርፏል፣ ወፍጮው ግን ይሠራል።»

«አፍህን ዝጋ» አሉት እናቱ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቁጣው ሳስቷል።

ኮዱን ቀየርኩ። ብዙ አልወሰደብኝም። ስልኩን ለወይዘሮ የብርጓል ሰጠኋቸው፤ ደመላሽ ጣታቸውን እየመራ ተራራውን አወረዳቸው። ወይራው ሲታይ «እዚህ ጋ ያስቀምጡኝ» አላቸው። አስቀመጡት። አቶ ገዳሙ ያለ ጥሩንባ፣ ያው በዚያ በሚያስፈራ ድምፃቸው «የቁዩ ገብረ ኪዳን አርፏል» አሉ። ትንሹ ሰው ጥላው ሥር ተጋድሞ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ወይዘሮ የብርጓል ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ውሃ የለም?»

«እማማ፣ ውሃ እንግዲህ መሣል አለበት፣ እንቅስቃሴ አለው፣ ቅዳሜ ደግሞ...»

«ሣላ» አሉ ወደ ምስጋናው።

ምስጋናው እርሳሱን አነሣ። ወይዘሮ የብርጓል ቅድም የሳብኩላቸውን ወንበር አዩት፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡበት። አቶ መሳፍንት እኔን አየት አደረጉኝ። ደመላሽ ምስጋናው ትከሻ ላይ ተደግፎ አስተያየት ይሰጣል፤ ጄሪካኑ ቢጫ ነበር፣ አይ እንዲህ አልነበረም፣ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። እንቅስቃሴውን እኔ ከሌላ ቁስለኛ ወስጄ ገጠምኩለት። ፍጹም አይደለም፣ ክንዱ ትንሽ ይገነጠላል። ከቅዳሜ በኋላ አስተካክለዋለሁ።

እንደገና አሳየኋቸው። ትንሹ ሰው አረፈ፤ ቀና አለ፤ ከጄሪካኑ ጠጣ።

«እንግዲህ ይቅር ብለዋል ልበል?» አሉ አቶ መሳፍንት።

«ጠጥቷል አይደል» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

አቶ መሳፍንት ስልካቸውን አውጥተው ለካራቴዎቹ ደወሉ። ቅዳሜ አዳራሽ እንደሌላቸው ሲነግሯቸው በሌላኛው ጫፍ ያለው ጩኸት እኛም ጋ ተሰማ። እኔ በሥራዬ ስደሰት ይርበኛል፤ በጣም ራበኝ።

ወይዘሮ የብርጓል ተነሡ። «ደመላሽ፣ መኪናው ይሄዳል።»

ደመላሽ አልሰማም። ከምስጋናው ጋር ቁመት እየተለካኩ ነበር። ምስጋናው ሁለቱም እኩል ነን ይላል፤ ደመላሽ ከጫማህ ጋር ነው ይለዋል።

«ቅዳሜ ይምጡልን እማማ» አልኩ።

«አንዴ አልቅሻለሁ፤ ይበቃኛል» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፣ ጥለቱን ወደ ታች። «መናኸሪያ ነኝ» አሉት ልጃቸውን። እሱ አሁንም ጫማ እያስወለቀ ነው። እኔ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለቱ ባዶ እግራቸውን ግድግዳው ሥር፣ አቶ መሳፍንት ከነስልካቸው፣ ሁላችንንም በየተራ አዩን።

«እረፉ እንግዲህ» አሉና ወጡ፤ በሩን ከታች አነሣ አድርገው ገጥመው ዘጉት።